በሬ መራጩ ጋሽ ዋቅጅራ

ጋሽ ዋቅጅራ ማረፋቸውን ያወቅሁት ከቅርጫ ግሩፓችን ነው። ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ትራም ውስጥ ቆሜ ስልኬን ስከፍት አሥራ ሦስት ሰው "ነፍስ ይማር" ብሏል። አንድ ሰው የሻማ ሥዕል ለጥፏል። ከሻማው ሥር አቶ ልሳኑ "በሬውስ?" ብለው ጽፈዋል።

ብዙ ሰው ተቀየማቸው። እኔ አልተቀየምኩም። ሟቹ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ያንን የሚጽፉት ጋሽ ዋቅጅራ ራሳቸው ነበሩ።

አሥራ ሰባት ቤት ነን። አብዛኞቻችን አምስተርዳም፣ ኒው ዌስት ነው የምንኖረው፤ ሁለት ቤት ዴን ሃግ አለ፤ የቅርጫው ሰብሳቢ አቶ ልሳኑ ሮተርዳም ናቸው። ለፋሲካ በሬ እንገዛለን፣ ቄራ ይታረዳል፣ ሥጋው ገበሬው ግቢ ውስጥ ፕላስቲክ ላይ ይመደባል፣ ዕጣ ይጣላል። በሬውን የሚመርጡት ጋሽ ዋቅጅራ ነበሩ። የሚያስተረጉምላቸው የተሻለ ሥራ የሌለው ሰው ነበር፤ ማለትም እኔ።

እዚህ ስጽፍ "እሳቸው" የምለው እናቴ ስለምታነበው ነው። በሕይወት ሳሉ "አንተ" ነበር የምላቸው። በስምንት ዓመቴ መጥቼ እዚህ ስላደግሁ አንደበቴ እንደዚያ ሆኖ ቀረ። እናቴ በጠረጴዛ ሥር ትቆነጥጠኛለች። እሳቸው ደግሞ "ተዪያት፣ ላምም አንቱ ብላኝ አታውቅም" ይሏታል።

አጭር፣ ሰፊ ሰው ነበሩ። ሲጨብጧችሁ ክብደታችሁን የሚገምቱ ይመስላል፤ ይገምቱም ነበር። አገር ቤት አንድ የመንግሥት ከብት እርባታ ጣቢያ ውስጥ ሃያ ዓመት አዳቃይ ሆነው ሠርተዋል። የቦረና ላም ከውጭ ኮርማ ዘር ጋር ያዳቅሉ ነበር። ለምን እንደተሰደዱ አንዴ ጠይቄያቸዋለሁ። "ረጅም ነው፤ በሬም የለበትም" አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅሁም።

እዚህ ሲመጡ ዴን ሃግ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ የጽዳት ሥራ ያዙ። ከሚያጸዷቸው ጠረጴዛዎች አንዱ ላይ በፍሬም የተቀመጠ የላም ፎቶ ነበር። የጠረጴዛውን ባለቤት አይተውት አያውቁም፤ እሱ ሳይገባ ጨርሰው ይወጣሉ። ለአንድ ዓመት ያህል ፎቶውን አቧራ ሲያራግፉለት ቆዩ። በመጨረሻ አልቻሉም። በሰባራ ደች ወረቀት ላይ "የኋላ እግሯ ልክ አይደለም" ብለው ጽፈው ትተው ወጡ። በማግስቱ ከፎቶው ሥር መልስ አገኙ። "ልክ ነህ። ወንድሜ ሸጣት።"

ኬስን ያገኙት በዚህ መንገድ ነው። ኬስ ማለት ወንድምየው ነው፤ ከአምስተርዳም በስተ ሰሜን፣ ከባሕር ጠለል በታች ባለው ረግረግ ሜዳ ላይ ሃያ ያህል ከብት የሚያረባ ብቸኛ ሰው።

መጀመሪያ ኬስ ጋ አብሬያቸው ስሄድ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ጨርሼ በጊዜያዊ ሥራ ቢሮ በኩል ከአንዱ መጋዘን ወደ ሌላው እሄድ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ "ዘንድሮ ስንት ሥራ ያዝሽ?" አሉኝ።

"ስድስት።"

"ክረምቱን በረት ውስጥ የቆየች ጊደር መጀመሪያ መስክ ላይ ስትለቀቅ አይተሻል? ትዘላለች፣ ትራገጣለች፣ ትሮጣለች።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ አጥሩ ጋ ትደርሳለች" አሉና መስኮቱን ማየት ጀመሩ።

እንደደረስን በሬዎቹን ያያሉ ብዬ ነበር። አላዩም። "እናቱ የት አለች በይው" አሉኝ። ኬስ ሊሸጥ ያሰበውን በሬ ሳይሆን እናቱን አሳየን። ስትሄድ አዩዋት፣ ስታመነዥክ አዩዋት፣ ከኋላዋ ቆመው አዩዋት። ከዚያ ነው ወደ ልጁ የመጡት። "በሬ ዛሬ ያለውን ያሳይሻል፤ ከየት እንዳመጣው የምታሳይሽ እናቱ ናት።"

ያን ቀን እጄን ይዘው የበሬው ጅራት ሥር አኖሩት። ከዚያ የመጨረሻው ጎድን ላይ። ከዚያ እጄን ጨብጬ በሌላው እጄ የጣቶቼን አንጓ እንድነካ አደረጉኝ። "ይሄ አጥንት ነው። በሬው እንዲህ ካለሽ አልደረሰም።" ቀጥለው መዳፌን አስዘረጉኝና ከአውራ ጣቴ ሥር ያለውን ሥጋ አስነኩኝ። "እንዲህ ካለሽ ደርሷል። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።" በስድስቱ ሥራዎቼ ላይ ከተሰጠኝ ሥልጠና ሁሉ ይሄ አጭሩ ነው፤ ያልረሳሁትም ይሄ ብቻ ነው።

ነገሩ ሁሉ የተነሳው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በዲክቢሉ ፋሲካ ነው። ዲክቢል የሚሉት ዝርያ አለ። ቂጡ ሁለት በሬ ያህላል፤ ጡንቻው ተከፋፍሎ ከቆዳው በላይ ይታያል፤ ጂም የሚውል ሰው ይመስላል። ኬስ ያን ጊዜ ላሞቹን በእሱ ያስጠቃ ነበር። አቶ ልሳኑ አንድ ቀን አብረውን መጥተው አዩትና "ይሄን ነው የምንፈልገው" አሉ።

"ሥጋው ብዙ ነው፣ ጮማ የለውም" አሉ ጋሽ ዋቅጅራ። "እናቱም አልወለደችውም።"

"ታዲያ ማን ወለደው?"

"ሐኪም።"

እውነታቸውን ነው። ጥጃው ከመግዘፉ የተነሳ ላሟ ሆዷ ተቀዶ ነው የሚወጣው። አቶ ልሳኑ ግን ነገሩን ለድምፅ አቀረቡት፤ አሥራ አራት ቤት ዲክቢል አለ።

ፋሲካ ደረሰ። ጥሬው ቀረበ። ቀይ፣ ንጹሕ፣ ደረቅ። አቶ ልሳኑ ረዘም ላለ ጊዜ አኘኩ። "ጋሽ ዋቅጅራ፣ ይሄ እኮ ዶሮ ነው" አሉ፤ ዲክቢል ያሉት ሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ። ቀጠሉና "ሻኛ የሌለው በሬ እስከ መቼ ነው የሚያበሉን?" አሉ። ሰዉ ሳቀ። የዚህ አገር ከብት ጀርባው ጠረጴዛ ነው፤ ሻኛ የሚባል ነገር አያውቅም። ጋሽ ዋቅጅራ "ብያችሁ ነበር" አላሉም። የደረሳቸውን በልተው ጨረሱ።

ወደ ቤት ስንመለስ ትራም ውስጥ "ሻኛ ይፈልጋሉ" አሉኝ።

"እዚህ አገር በሬ ሻኛ የለውም።"

"ማንም አላዳቀለውማ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ለአሥራ ሰባቱ ቤት ሻኛ ያለው በሬ ማቅረብ። ስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር፤ ልባቸው የሚመታው በባትሪ ነበር። በሬ ተጸንሶ እስኪደርስ አራት ዓመት ይጠጋል። ሒሳቡን እሳቸውም እኔም እናውቀው ነበር። አላነሳነውም።

ስሎተርቫርት ካለው ቤታቸው አሥር ደቂቃ ተሂዶ፣ ለልጆች መጎብኛ የተሠራ የእንስሳት ግቢ አለ፤ ፍየል፣ ጥንቸል፣ አህያ። እዚያ ወገቤ ድረስ የሚደርስ አንድ ጥቁር ኮርማ ነበር። ዘሩ ከእስያ የመጣ ድንክ ነው፤ ሻኛ ግን አለው። ጋሽ ዋቅጅራ አንድ ወር ሙሉ በየጠዋቱ አጥሩ ላይ ተደግፈው አዩት። ሠራተኞቹ ብቸኛ ሽማግሌ መስለዋቸው ቡና ይሰጧቸው ነበር። አንዷ "አያትሽ ኮርማውን በጣም ወዶታል" አለችኝ። አያቴ እንዳልሆኑ፣ ኮርማውንም እየገመገሙት እንደሆነ ነገርኳት። ቡናው ቀረ።

"ለምን ዘሩን በቱቦ አታስመጣም?" አልኳቸው። "ሥራህ አልነበር?"

"እዚህ ፈቃድ የለኝም። ደግሞ የቱቦውን እናት ማን ያሳየኛል?"

የኮርማው ባለቤት ድንክ ከብት ለደስታው የሚያረባ ሰው ሆኖ ተገኘ። እናቱን አሳየን። ጋሽ ዋቅጅራ ረጅም ጊዜ አይተዋት "ጨዋ ናት" አሉ። ተረጎምኩለት። ሰውየው እንደ ትልቅ ምስጋና ተቀበለው።

የቀረው ኬስን ማሳመን ነበር። ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠን ጋሽ ዋቅጅራ ብዙ ተናገሩ።

"ምን ይላል?" አለኝ ኬስ።

"ላሞችህ ጥሩ ናቸው ይላል።"

"ሌላስ? ረጅም ነበር እኮ።"

"ኮርማ ላይ ግን ሞኝ ነህ ይላል።"

"ሞኝ አላልኩም" አሉ ጋሽ ዋቅጅራ። ደች ይሰማሉ፤ መናገሩ ነው የሚከብዳቸው።

"የድንክ ጥጃ ትንሽ ነው የሚሆነው" አለ ኬስ።

"ይሁን። ትንሽ ጥጃ በሩን ራሱ ያገኘዋል። ባለፈው ዓመት ስንት ላም አስቀደድክ በይው።"

"አራት።"

"ስንቶቹ ሞቱ?"

ኬስ ተነስቶ ለማንም ሳያቀርብ ለራሱ ቡና ቀዳ። "አንድ" አለ። አንድ ጊዜ ፉት አለና "ላሟን እናንተው ምረጡ" አለን።

የመረጧት ሰውነቷ ጥቁር፣ ፊቷ ነጭ፣ ዓይኗ ዙሪያ ጥቁር የሆነ ላም ነበረች፤ አገር ቤት ቦቃ የሚሏት ዓይነት። ዳሌዋ ሰፊ፣ ጥፍሯ ጠንካራ። ገዝፋ ጭቃው ውስጥ የምትሰምጥ አልነበረችም። "መሬቱ የሚችለውን ከብት ይያዝ እንጂ ዓይኑ የወደደውን አይያዝ በይው" አሉኝ። ኬስ በዲክቢሎቹ አቅጣጫ አየ።

ኮርማው በተጎታች መጣ። ከላሟ ኋላ ቆመ። ሞከረ። አልደረሰም። ኬስ እጁን ኪሱ ከትቶ ያያል። ባለቤቱም ያያል። እኔ ፊቴን ላዞር ፈልጌ ነበር፤ ገመዱ ግን እኔ እጅ ነው። ጋሽ ዋቅጅራ ዞር ዞር አሉና ባሕሩን ለመከላከል የተሠራውን ግድብ አዩ። ሣር የለበሰ፣ ጎኑ ተዳፋት ነው።

"እዚያ እናውጣቸው። ላሟ ከታች፣ እሱ ከላይ።"

አወጣናቸው። ግድቡ ጫፍ ላይ የብስክሌት መንገድ አለ። አንዲት ሴትዮ ፍሬን ይዛ ቆማ "ምን እየሠራችሁ ነው?" አለችኝ።

"በሬ" አልኳት።

ሄደች። ጋሽ ዋቅጅራ ጫማቸውን ሣሩ ላይ እየጠረጉ "አገሩ ሜዳ ነው ይላሉ። ለፈለገው ሰው ዳገት አለው" አሉ።

በዘጠኝ ወሩ ኬስ ምሳ ሰዓት ላይ ደወለልኝ። "ሐኪም አልጠራሁም" አለኝ። "ዳቦ ልበላ ገባሁ። ስወጣ ጥጃዋ ቆማ ትጠባለች።" ሁለት ጊዜ ነው የነገረኝ፤ ዳቦውንም ጭምር። ከዚያ "ሴት ናት" አለ።

ለጋሽ ዋቅጅራ ስነግራቸው "ጥሩ" አሉ።

"ምኑ ነው ጥሩ? ለፋሲካ ጊደር አይታረድም።"

"እናት አገኘን ማለት ነው።"

ግሩፑ ላይ አቶ ልሳኑ "ጋሽ ዋቅጅራ፣ እንኳን ማርያም ማረችዎ" ብለው ጻፉ። ለሦስት ቀን ተሳቀ። ገንፎው መቼ ነው ያለም ነበር። እሳቸው "ማርያም ታኑራችሁ" ብለው መለሱና በሚቀጥለው በጋ ያንኑ ኮርማ አስመጡ። ላሟ የግድቡን ቦታ አውቃው በራሷ ሄደች። በጸደይ ወንድ ተወለደ።

ኬስ "ዋቅጅራ" ማለት ስለማይሆንለት ሽማግሌውን "ዋኪ" ነበር የሚላቸው። ጥጃውንም ዋኪ አለው። ጋሽ ዋቅጅራ "ስም የወጣለት በሬ እንዴት ይታረዳል?" አሉ። "እዚህ ይታረዳል" አለ ኬስ።

የተሳሳቱት ከዚያ በኋላ ነው። ኬስ ጥጃው ገና በልጅነቱ ይኮላሽ አለ። ጋሽ ዋቅጅራ ሻኛው የሚወጣው በኮርማነቱ ነው ብለው እንቢ አሉ። ዋኪ በአሥራ አምስት ወሩ አጥር ሰብሮ ጎረቤት ገባ፤ የሰውየውን የልብስ ማስጫ አንገቱ ላይ አጥልቆ ተመለሰ። ኬስ ሥራ ቦታ ደወለልኝ።

"ይኮላሽ ይልሃል" አልኳቸው።

"ትንሽ ይታገሰኝ።"

"የልብስ ማስጫ ነው እኮ የወሰደበት።"

"ሻኛው ስንት ሆነ?"

እንዲህ እየተባለ ሃያ ወር ሞላው። ሐኪሙ መጥቶ ሲያኮላሸው ሻኛው የእኔን ጡጫ ያህል ነበር። ጋሽ ዋቅጅራ ያን ቀን በእጃቸው ጨብጠውት ቆዩ። ደስ ሲላቸው ያየሁት ያኔ ነው፤ ፊታቸው አልተለወጠም፣ ግን ሁለት አውቶቡስ አመለጠን።

ያን ክረምት ሆስፒታል ገቡ። የዋኪን ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው። አላዩትም። "ፎቶ ክብደት የለውም። እጅሽን ላኪው።"

"ለፋሲካ ይደርሳል?"

"አዘገየሁት መሰለኝ። አንቺ ዳብሺው። ከደረሰ ይታረድ። ካልደረሰ፣ እኔ ብሞትም አይታረድ።"

"ሰዎቹስ ምን ይበሉ?"

"ሌላ በሬ።"

"አንተስ?"

"እኔ ሥጋ ተከልክያለሁ።" ትራሳቸውን አስተካከሉ። "ሌላ ሰው እንዳትልኪ። ሌላው ይርበዋል። ለጊደሯም ገና ኮርማ አልመረጥኩላትም።"

ከሁለት ሳምንት በኋላ አረፉ። አቶ ልሳኑም "በሬውስ?" አሉ።

ከቀብሩ በኋላ ባለው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰብን። አቶ ልሳኑ ተነሱ። "አርባቸው የፋሲካ ሳምንት ላይ ይውላል" አሉ። "ዋኪ ለሁለቱም ይሁን። የለፉበት ነው። ስማቸውም አለበት። ሰው በራሱ በሬ ተዝካሩ ሲወጣለት ትልቅ ነገር ነው።" ሁሉም እሺ አለ። እናቴ አለቀሰች። እውነቱን ለመናገር እኔም ሐሳቡን ወደድኩት። "ሂጂና ለኬስ ንገሪው" ተባልኩ።

ብቻዬን ሄድኩ። ዋኪ መስክ ላይ ነበር፤ ሲራመድ ሻኛው ወዲያና ወዲህ ይላል። ጅራቱ ሥር እጄን አኖርኩ። አንጓ። የመጨረሻው ጎድን፤ አንጓ። ምናልባት ብዬ በሌላው ጎኑ ዞርኩ። ከብት በሌላው ጎኑ ሌላ ከብት አይሆንም።

"እንዴት ነው?" አለ ኬስ።

"አልደረሰም።"

"ለሽማግሌው መታሰቢያ አይደለም እንዴ?"

"ነው።"

"ታዲያ?"

"አልደረሰም። ሌላ ምን አለህ?"

ሌላ አሳየኝ። እናቱን ጠየቅሁት። እናቱንም አሳየኝ።

ከዚያው ሆኜ ለአቶ ልሳኑ ደወልኩ።

"አልደረሰም ማለት ምን ማለት ነው? ሰውየው እኮ ሞተዋል።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ የሚከለክለን ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"አንቺ ልጅ፣ ስለ በሬ ምን ታውቂያለሽ?"

"አጥንት አውቃለሁ።"

ስልኩን ዘጉብኝ። እናቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው "እርግጠኛ ነሽ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "እንግዲያው ቀና ብለሽ ሂጂ" አለችኝ።

ተዝካሩ ሻኛ በሌለው በሬ ወጣ። በሬው ጥሩ ነበር፤ ማንም ግን ጥሩ ነው አላለኝም። አቶ ልሳኑ እንድሰማቸው አድርገው "በገዛ ተዝካራቸው ሻኛቸውን የከለከለቻቸው" አሉ። ዓመቱን ሙሉ መጠሪያዬ ይህ ሆነ። በየወሩ ግን ኬስ ጋ እየሄድኩ ዳበስኩት።

በሚቀጥለው ፋሲካ ዋዜማ ሳምንት የዋኪ ጅራት ሥር እጄን ሳኖር ያገኘሁት የአውራ ጣቴን ሥር ነበር። ሦስቴ ነካሁት። ከዚያ "ደርሷል" ብዬ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። ማንም የሻማ ሥዕል አልለጠፈም።

ሻኛው ሁለት ጡጫ ወጣው። ለአሥራ ሰባት ሲመደብ ለአንድ ቤት የአውራ ጣት ያህል ደረሰ። የጋሽ ዋቅጅራን መደብ እኔ ወሰድኩ፤ ከእናቴ ተለይቼ በራሴ ስም ገብቻለሁ። አቶ ልሳኑ የእሳቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱና አኘኩ። ሁሉም ሰው መንጋጋቸውን ያያል።

"ይጠነክራል" አሉ።

ደግመው አኘኩ።

"ሻኛ ግን ነው" አሉና ሌላ ቆረጡ።

እውነት ነው፣ ይጠነክራል። አምስት ወር ቀደም ብሎ መኮላሸት ነበረበት። ጋሽ ዋቅጅራ ተሳስተዋል፤ ቢኖሩ ፊት ለፊት እነግራቸው ነበር። "ጥሩ" ይሉኝ ነበር።

ሰኞ ኬስ ደወለ። ያቺ የተሳቀባት ጊደር አሁን ላም ናት፤ አንድ ጊዜ ወልዳለች፣ ያለ ሐኪም። ዘንድሮ ምን ኮርማ እንደማመጣላት ጠየቀኝ። እሱ አንድ አግኝቷል፤ ሻኛው ትልቅ፣ ቁመቱም ደህና የሆነ። ፎቶ ላከልኝ።

"እናቱ የት ነው ያለችው?" አልኩት።

"ሩቅ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ያስነዳል።"

በሆዴ ቆጠርኩት። ከጽንሱ እስከ ፋሲካው ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ነው። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ ያን ያህል ቆይቼ አላውቅም።

"ቅዳሜ እንሂድ" አልኩት።